ወላጅና ባለሙያ ለአንድ ሕፃን



ስለ ትምህርት ጥቅም በመጽሔታችን ገጾች ላይ በየዓመቱ ብዙ ተጽፏል። የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛ ደብተሩን ይዞ በራሱ እግር ወደ ትምህርት ቤት ስለሚመጣ ተማሪ ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ዓመት ላወሳ የምወደው ገና ሦስትና አራት ዓመት ስለሆናቸው፣ ከእነርሱም መካከል በመስማት፣ በማየት፣ በመናገር ወይም በአእምሮ ዕድገት ልዩ እርዳታ ስለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ነው። የእነዚህ ሕፃናት ትምህርት በሁለት ወገኖች እጅ ላይ ያለ ነው። አንደኛው ወገን ወላጅ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ሐኪም፣ መርማሪና መምህር የምንላቸው ባለሙያዎች ናቸው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ቢደክም ፍሬው ጥቂት መሆኑን በገዛ ቤታችን ስለ ተመለከትሁ፣ ያየሁትን እንደ አቅሜ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ታናሽ ወንድሜ ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ ነው። ጆሮው የማይሰማ መሆኑ በምርመራ የታወቀው ግን 3 ዓመት ከ2 ወር ሲሆነው ነበር። እስከዚያ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ እናቴን ሲያጽናና «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ታገሺ» ይላት ነበር። አያቴ ጸበል ወሰዱት። አንዲት ዘመድ ደግሞ እንጥሉን አስቆርጡት ብላ መከረች፤ እናቴ ይህን እንኳ እሺ አላለችም። እናቴ አንድ ነገር ታውቅ ነበር። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁላችንም እንነቃለን፤ እርሱ ግን አይነቃም። ቡና ሲወቀጥ ደግሞ ጨዋታውን ትቶ ይሮጥና መዳፉን በሙቀጫው ላይ አኑሮ ይስቃል። ድምፁን በጆሮው ሳይሆን በእጁ ይሰማው ነበርና ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ ወደ አንድ የሕክምና ቤት ወሰደችው። የዚያን ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። መርማሪው ልጁን በመሣሪያ ከመረመረ በኋላ፣ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጥቷት «ልጁ አይሰማም፤ መሣሪያ ያስፈልገዋል» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ስለ ሙቀጫውም ሆነ ስለ ዝናቡ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ቤት ይዛ መጥታ እንዳነብላት ሰጠችኝ። ያን ጊዜ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ቃላቱን አንድ በአንድ ተረጐምሁላት፤ ዳሩ ግን 85 ዴሲቤል ማለት ምን ማለት እንደሆነ መዝገበ ቃላቱ የሚነግረን አልነበረም። እናቴ ወረቀቱን አጥፋ በዳዊቷ ውስጥ አኖረችው። ለብዙ ቀን እያወጣች ታየውና መልሳ ታስቀምጠው ነበር።

የቍጥሩን ትርጕም የነገሩን ከብዙ ወር በኋላ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቱ ነበሩ። ሰዎች በመጠነኛ ድምፅ ሲነጋገሩ የድምፁ ኃይል ወደ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ወንድሜ ግን ከ85 በታች ያለውን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ እኛ በቤት የምንነጋገረው ሁሉ ለእርሱ ዝምታ ነበር፤ በሩ በኀይል ሲዘጋ ወይም ከባድ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ግን ጥቂት ይሰማው ነበር። ይህን ለመግለጽ የወሰደው ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። እናቴ የሰማችው ነገር ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ከዳዊቷ ውስጥ አላወጣችውም። የማይገባ ነገር ከሚያሳዝን ነገር ይልቅ ሰውን እንደሚያስጨንቅ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

መምህርቱ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የተለየ ክፍል ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ናቸው። ወንድሜ በተመዘገበ በሁለተኛው ሳምንት እቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ የቤቱን ንጽሕና ሊመረምሩ የመጡ መስሏት ነበር። እርሳቸው ግን ቡና ከጠጡ በኋላ ደብተር አውጥተው «እትዬ፣ እኔ ልጁን ካወቅሁት 8 ቀን ነው፤ እርስዎ ግን ከተወለደ ጀምሮ ያውቁታል። እባክዎ ያስተምሩኝ» አሏት። ቀጥለውም ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ምን ያስደስተዋል? ምን ያስቈጣዋል? በቤት ውስጥ በምን ትግባባላችሁ? እናቴ ከ4ኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት ናት። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው ተቀምጦ የእርሷን ቃል ሲጽፍ አይታ አታውቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረች።

በዚያ ቀን ወንድሜና እኛ ሳናስበው የፈጠርናቸው 19 የእጅ ምልክቶች ተቈጠሩ። እጁን በአየር ላይ ካዞረ እንጀራ ይጋገር ማለቱ ነው። ሁለት እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ሻሽ እንደሚያስር ሰው ከሆነ አያቴን መጥራቱ ነው። መሪ እንደሚዘውር ካደረገ ደግሞ አባቴን መጠየቁ ነው፤ አባቴ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነውና። መምህርቱ እያንዳንዱን ጻፉ። በማግሥቱ በክፍል ውስጥ የቤቱን ምልክት እያሳዩ አጠገቡ ትክክለኛውን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ያስተምሩት ጀመር። ልጁ ከባዶ አልተነሣም፤ ከቤቱ ይዞት በመጣው ስንቅ ላይ ተጨመረለት እንጂ።

ከዚህም በኋላ አንድ ደብተር ሆነ። ደብተሩ በየቀኑ በወንድሜ ቦርሳ ይመላለሳል። በግራው ገጽ መምህርቱ በክፍል የተማረውን ይጽፋሉ፤ በቀኙ ገጽ እናቴ በቤት ያየችውን ትናገራለች፤ እኔ ከእናቴ ቃል እጽፋለሁ። የዚህ ደብተር ጥቅም ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

ወንድሜ የመስሚያ መሣሪያ ከተሰጠው በኋላ እያወለቀ ይጥለው ነበር። በትምህርት ቤት ይህ ነገር እልኸኝነት መስሎ ታየ። እናቴ ግን ለሦስት ሳምንት ያህል ያወለቀበትን ሰዓት አስመዘገበችኝ። ቡና ሲወቀጥ ያወልቃል፤ ዝናብ ሲጥል ያወልቃል፤ ምጣድ ሲታሰስ ወይም የብረት ድስት ሲወድቅ ያወልቃል፤ በጸጥታ ሰዓት ግን አያወልቅም። መምህርቱ ይህን ገጽ ለጆሮ ባለሙያው አሳዩ። ባለሙያውም መሣሪያው ኀይለኛ ድምፅን ከልክ በላይ እያጐላ ልጁን ያሳምመው እንደነበር ተረድቶ አስተካከለው። ባለሙያው ልጁን የሚመረምረው ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው፤ በዚያ ክፍል ቡና አይወቀጥም፤ ቆርቆሮም የለም። እናቴ ደግሞ መሣሪያውን ማስተካከል አትችልም። የአንዱ ዕውቀት ያለ ሌላው ምን ያህል ጐደሎ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ባለሙያዎቹም በተራቸው ለቤታችን የሰጡት ትምህርት ቀላል አልነበረም። ቀድሞ ሁላችንም ወደ ጆሮው ተጠግተን እንጮህበት ነበር። ጎንበስ ብለን ከዐይኑ ትክክል እንድንሆን፣ ብርሃን ከኋላችን ሳይሆን በፊታችን ላይ እንዲያርፍ፣ ከመናገራችንም በፊት ትከሻውን መታ አድርገን እንድንጠራው ነገሩን። ሕፃኑ ባደገ ቍጥር በጆሮው ውስጥ የሚገባው ቅርጽ እየጠበበው ስለሚሄድና ሲላላም መሣሪያው ስለሚያፏጭ፣ በየጊዜው መለወጥ እንዳለበትም አስተማሩን። መብራት በጠፋ ጊዜ ለእኛ ጨለማ ብቻ ነው፤ ለእርሱ ግን ቋንቋውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በቤታችን ሻማና ክብሪት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሌላ ነገር ሳይፈለግ በፊት እርሱ አጠገብ ይበራል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለ ክርክር ሄደ ማለቴ አይደለም። አንድ ባለሙያ «የእጅ ምልክት ካስለመዳችሁት መናገር ይሰንፋል፤ ተዉት» ብለው እናቴን አስጠንቅቀዋት ነበር። መምህርቱ ደግሞ ምልክት እንድንማር ይመክሩን ነበር። አያቴና አባቴ ከመጀመሪያው ወገን ቆሙ። እናቴ በሁለት የተማሩ ሰዎች መካከል ቆማ የትኛውን ታምን? በመጨረሻ በደብተሩ ላይ «እባካችሁ ሁለታችሁም በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ተገናኙና እኔ ባለሁበት ተነጋገሩ» ብላ አስጻፈችኝ። ተገናኙም። በዚያ ስብሰባ ላይ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የሕፃን አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑና ወንድሜ ከነዚያ ዓመታት ሦስቱን ያለ ቋንቋ ማሳለፉ ነው። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነሣ ጀምሮ መሣሪያውን እንዲያደርግ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ምልክት እንዲማር፣ ከስድስት ወር በኋላም ውጤቱ አብረው እንዲታይ ወስነው በአማርኛ ጽፈው ሦስቱም ፈረሙበት። እናቴ በልጇ ጉዳይ ላይ ስትፈርም የመጀመሪያዋ ነበር።

አያቴን ያሸነፈው ግን ክርክር አልነበረም። የካህን ልጅ ናቸውና ፊደል በልጅነታቸው ቈጥረዋል። አንድ ቀን ወንድሜ የጣት ፊደል ሲለማመድ አዩት። በአገራችን የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤት ያመለክታል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ይለያል። ወንድሜ አንዱን ቅርጽ ይዞ ሰባት ጊዜ ሲያንቀሳቅሰው አያቴ በዐይናቸው ተከትለው «ይህማ የኔታ ያስቈጠሩን ሀ ሁ ነው እንጂ ሌላ ምንድር ነው!» አሉና አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ሁሉ ተሽለው የሚያርሙት እርሳቸው ናቸው።

አባቴም በመንገድ ላይ ሆኖ ከእኔ በስልክ እየጠየቀ ጥቂት ምልክት ተማረ። ለወንድሜ ስልክ ማለት ጥቅም የሌለው ዕቃ ነበር። አንድ ማታ አባቴ መኪናውን አቁሞ በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን በውሃ ጆግ ላይ አስደግፈን አቆምንለት። ወንድሜም የአባቱን እጅ አይቶ፣ በእጁ «መቼ ትመጣለህ?» ብሎ ጠየቀው። ይህ ልጅ ለአባቱ ያቀረበው የመጀመሪያ ሙሉ ጥያቄ ይህ ነበር። አባቴ «ቅዳሜ» ብሎ መለሰ፤ ምልክቱንም አልተሳሳተም።

ይህ የቤታችን ታሪክ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ይህን ጉዳይ ያሰቡበት አገሮች በሕግ እስከመደንገግ ደርሰዋል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ በ1986 ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት የሚመለከት ክፍል ጨመረበት። በዚህ ክፍል መሠረት የሚዘጋጀው ዕቅድ የልጁ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡም ዕቅድ ነው። ወላጅ ሳይፈቅድ አይጀመርም፤ በየስድስት ወሩም ይታያል። ልጁ ከፍ ብሎ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባም ወላጁ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። በዚያ አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም በዚህ መብት ሊጠቀሙ ይችላሉ።

ሕጉ ከመውጣቱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ፖርቴጅ በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ አንድ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በገጠር የሚኖሩት ሕፃናት ቤታቸው የተራራቀ ስለሆነ በአንድ ክፍል መሰብሰብ አልተቻለም። ስለዚህ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤታቸው እየሄደ፣ ወላጆች በቀሩት ቀኖች የሚያስተምሩትን ጥቂት ነገር አሳይቶ ይመለስ ነበር። ይህ ዘዴ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። መንገድ ሩቅ፣ ባለሙያም ጥቂት ለሆነበት አገራችን ይህ አሠራር ትልቅ ምክር ያለበት ይመስለኛል።

በእኛም አገር ምሳሌ አለ። በውበት ሙያ ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ባወቁ ጊዜ የሚያስተምርላቸው ቦታ አጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስም ልጆች ከየቤቱ እንዲወጡ ሲደክሙ ኖሩ። የወላጅ ዕውቀት ከባለሙያ ዕውቀት ጋር ሲጋባ ትምህርት ቤት እንኳ ሊወልድ እንደሚችል እርሳቸው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድገታቸው ለዘገየ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተ ሰቦች 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ ይህም በኢትዮጵያ ተሞክሯል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ኅብረቱ በየቦታው የማይሰምረው ስለ ምንድር ነው? እኔ ያየኋቸው እንቅፋቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ሲጠራ የቀን ሠራተኛዋ እናት የዕለት ገቢዋን ወይም ስብሰባውን መምረጥ ይኖርባታል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ወላጅ በማይረዳው ቃል የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቈጠራል። ሦስተኛው እፍረት ነው። ልጃቸውን ከእንግዳ የሚደብቁ ወላጆች ዛሬም አሉ። ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም፤ የሰውን አፍ ፈርተው ነው። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል አላዋቂን ለመስደብ በየጊዜው የምንወረውር ሁሉ ለዚህ እፍረት እንጨት እንጨምራለን።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አንዳንድ ቃል አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጃችሁ የምታዩትን ትንሽ ነገር አትናቁት፤ ጻፉት፣ ወይም የሚጽፍላችሁ ልጅ ፈልጉ። ያልገባችሁን ቃል ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ጠይቁ። ክቡራን መምህራንና ሐኪሞች ሆይ፣ ሥራችሁ ብዙ፣ ጊዜያችሁም አጭር መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ለአምስት ደቂቃ ያህል በአማርኛ የተነገረ ማብራሪያ ለአንድ ቤት የብዙ ወር ጭንቀት ያስቀራል። ከመናገራችሁም በፊት ብትጠይቁ ሥራችሁ ይቀልላችኋል እንጂ አይከብዳችሁም። ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቤታችን ታናናሾች አሉን። ለእናቶቻችን የምናነብና የምንጽፍ እኛ ነን፤ ይህ አገልግሎት ትንሽ አይደለም።

ለትምህርት ቤታችን የወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ልመና አቀርባለሁ። ወንድሜ በሚመጣው ዓመት የት እንደሚማር ገና አልተወሰነም። በነበረበት ልዩ ክፍል ይቈይ ዘንድ፣ ወይም ከሚሰሙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጥ ዘንድ እናቴ፣ መምህርቱና የጆሮ ባለሙያው በሰኔ ይመክራሉ። በመደበኛው ክፍል ምልክት የሚያውቅ መምህርም ሆነ ተማሪ ካልተገኘ፣ በሰዎች መካከል ተቀምጦ ብቻውን መሆኑ ነው። ይህ ችግር የእርሱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ወደዚህ ቅጥር ግቢ ለሚመጡትም ሁሉ ነው። እንግዲህ ኅብረቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ቢፈቅድልን፣ የጣት ፊደልና የዕለት ምልክቶችን የሚማር ክበብ ለማቋቋም 14 ተማሪዎች ስማችንን አስመዝግበናል። መምህርቱም በወር ሁለት ጊዜ መጥተው ሊያስተምሩን ቃል ገብተዋል፤ አያቴም እቀጣቸዋለሁ ብለው ዝተዋል። የሚያስፈልገን አንድ ጥቁር ሰሌዳና ብርሃን የሚገባበት መስኮት ብቻ ነው።